አንድም አውሮፕላን ያልጣለው የጦር አዛዥ

ደራ ላይ ላደግን ልጆች የጦር አውሮፕላን ድምፅ ብርቅ አይደለም። ከቢሾፍቱ ተነስተው በላያችን የሚያልፉት ጄቶች ወደ አርሲ ተራሮች ሲያቀኑ፣ የትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ መምህሩም ጠመኔውን እንደያዘ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል። እኛ ታዲያ ቀና ብለን ስናይ አውሮፕላኑ የለም፤ ድምፁ እንጂ እሱ ቀድሞ ሄዷል። የጦር አብራሪ ማለት በኔ የልጅነት አእምሮ እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ሳይታይ መጥቶ፣ መትቶ፣ ሳይታይ የሚሄድ።

ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ ግን የመኝታ ክፍል ክርክር ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ወደ አገሯ ስለተመለሰችው ፀሐይ ስለተባለችው አውሮፕላን እያወራን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ያን ጊዜ የአየር ኃይሉን ማን ያዝ እንደነበር ጠየቀ። እኔም የማውቀውን ይዤ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው አልኩ። ሌላው ወዲያው ስንት የጣሊያን አውሮፕላን እንደጣለ ጠየቀኝ። አንድም ስል ክፍሉ በሳቅ አለቀ። በዚያች ሌሊት መልሱን በቅጡ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። እንግዲህ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርስ። (ዓመቶቹን በኛ አቆጣጠር ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ። ደግሞም የዲፓርትመንታችን መምህራን ይቅርታ ያድርጉልኝና ኮሎኔሉን አንቱ አልላቸውም። ብዙ ስላነበብኩለት እንደ ታላቅ ወንድም ሆኖብኛል።)

ሮቢንሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። 1905 የሚሉም ጸሐፊዎች አሉ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ እናቱ ሚሲሲፒ ውስጥ ወደምትገኘው ጋልፍፖርት ይዛው ሄደች፣ እዚያም አደገ። ዘመኑ በደቡብ አሜሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድ ወንበር የማይቀመጥበት ዘመን ነው። ጥቁር ልጅ አብራሪ እሆናለሁ ቢል እንደ እብድ ነው የሚታየው። ልጁ ግን ሞተር ይወድ ነበር። አላባማ ወደሚገኘው ተስኪጊ ኢንስቲትዩት ገብቶ የመኪና መካኒክነት ተማረና እ.ኤ.አ. በ1924 ተመረቀ።

ቀጥሎ ቺካጎ ሄደ። ቀን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነው። በከተማው ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ጥቁር አንቀበልም አሉት። እሱ ምን አደረገ? እዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ ከክፍሉ ኋላ እየቆመ ትምህርቱን ያዳምጣል፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የተወውን ይገለብጣል። ይህን ሳነብ ክላስ ፎርፌ ካፌ የተቀመጥኩባቸውን ቀናት አስታውሼ አፍሬያለሁ። በመጨረሻ እሱና ጓደኛው ኮርኒሊየስ ኮፊ በተማሪነት ተቀባይነት አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ። ብዙም ሳይቆይ ሮቢንሰን ባባረረው ትምህርት ቤት ውስጥ የጥቁር ተማሪዎች አስተማሪ ሆነ። ከኮፊ ጋር የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋመ። ነጮቹ በሜዳቸው ስላላስቀመጧቸውም ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ማረፊያ ጠርገው አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ወደ ተስኪጊ በአውሮፕላን በርሮ የበረራ ትምህርት እንዲከፍቱ ወተወተ። በወቅቱ አልሆነለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው የተስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ከዚያው ግቢ የወጡት ከዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ወደኛው አገር እንምጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አውሮፕላን የሚባለውን ነገር አጥብቀው ይፈልጉት ነበር። አብራሪዎቹ በብዛት ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ነበሩ። ከኛ ልጆች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ የአብራሪነት ፈቃድ አግኝተዋል። ነጭ ያልሆነ የሠለጠነ ሰው ለማግኘት ሲባል ከአሜሪካ የመጣው የመጀመሪያው ጥቁር አብራሪ ግን ሮቢንሰን አይደለም። ራሱን የሃርለም ጥቁር ንስር ብሎ የሰየመው ሂዩበርት ጁሊያን ነው። ይህ ሰው ከዘውድ በዓሉ በፊት በልምምድ ላይ የንጉሡን ምርጥ አውሮፕላን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሰባበራትና ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ስለዚህ ከአሜሪካ የሚመጣ ሌላ ጥቁር አብራሪ ቤተ መንግሥት ውስጥ በምን ዓይን እንደሚታይ መገመት አያቅትም።

ሮቢንሰንን ያገኙት ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ የሆኑት ዶክተር መላኩ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ ነበር። ጣሊያን መውረሯ እንደማይቀር በታወቀበት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 መግቢያ፣ በቺካጎ የጥቁሮች ዜና አገልግሎት ኃላፊ በነበረው በክሎድ ባርኔት አማካይነት ተገናኙ። ሮቢንሰን እሺ አለ። ትምህርት ቤቱን፣ ጋራዡን፣ ገቢውን ጥሎ በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በጅቡቲ በኩል አገራችን ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በዚያን ጊዜ መንገዱ ባቡር ነው። ባቡሩ ደግሞ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርጎ በኛው አዳማ ያልፋል። ከዚያ ሞጆ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ። እንግዲህ ያ ሰው ከደራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በባቡር መስኮት የስምጥ ሸለቆን ግራርና አቧራ እያየ አልፏል ማለት ነው። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይህ አይጻፍም፣ ቁም ነገርም አይደለም። እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያቀረበኝ ይህ ነው። የአውሮፕላን ቤንዚኑም፣ መለዋወጫውም የሚመጣው በዚሁ ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ከተዘጋ አየር ኃይሉም አለቀለት።

አዲስ አበባ ሲደርስ የጠበቀው ምንድን ነው? አውሮፕላኖቹ ደርዘን ገደማ ቢሆኑ ነው። ፖቴ፣ ፎከር፣ ዩንከርስ፣ ፋርማን፣ የተለያየ አገር ሥሪት ናቸው። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። መካኒክ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አንዱን ለመጠገን ሌላውን ማረድ ነው። የሚበሩት ጥቂቶቹ ነበሩ፣ ለአየር ውጊያ የሚሆኑት ደግሞ ጨርሶ የሉም ማለት ይቻላል። ከዚህ በላይ ደግሞ የአገሩ ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ኃይሉን ያጣል፣ ክንፉም በቀላሉ አያነሳም። ቆላ ላይ እንደ ወፍ የምትነሳ አውሮፕላን ደጋ ላይ ሜዳውን ጨርሳ ባሕር ዛፍ ፊት ለፊቷ እስኪደቀን ትንደረደራለች። ሬዲዮ የለም፣ የአየር ጠባይ ዘገባ የለም፣ ካርታውም የሚያስተማምን አይደለም። በዚህ ሁሉ መካከል ሉድቪግ ዌበር የተባለው ጀርመናዊ አብራሪ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ፀሐይን እዚያው አዲስ አበባ ገጣጥሟል፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችውን ማለቴ ነው።

ጁሊያንም እንደገና መጥቶ ነበር። ሁለቱ ጥቁር አሜሪካውያን በ1927 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በጡጫ ተያያዙ። ወሬው አሜሪካ ጋዜጦች ላይ ሳይቀር ወጣ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ አሳፋሪ ነበር፣ ለጀግና የሚሆን ገድልም አይደለም። ውጤቱ ግን ጁሊያን ከበረራው ሥራ ተገልሎ፣ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራ የነበረው ሮቢንሰን ኮሎኔል ተብሎ የአየር ኃይሉ አዛዥ መሆኑ ነው። ያገሩ ሰዎችም ኮንዶር በሚባለው ትልቅ የአሜሪካ አሞራ ስም ቡናማው ኮንዶር ይሉት ጀመር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ተሻግራ ወረራውን ስትጀምር ሮቢንሰን የነበረው አድዋ ነው። መልእክት ይዞ ሄዶ እዚያው አድሮ ነበር። ማለዳ ላይ የጣሊያን ቦምብ ጣዮች መጡ። በአብራሪዎቹ መካከል የሙሶሊኒ ልጆችና አማቹ ቺያኖ ነበሩበት። ከ40 ዓመት በፊት የተሸነፉባትን ከተማ ነው ከሰማይ የደበደቡት። ቤታቸው ውስጥ የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። አየር ኃይል አዛዥ ሆኖ መሬት ላይ ቆሞ ያንን ማየት ምን ይመስል ይሆን? እኔ ይህንን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ከላይ የሚያልፉትን ቆጥሮ፣ የራሱን አንዲት መልእክተኛ አውሮፕላን አስቦ፣ ምን ተሰማው ይሆን? ያደረገውን ግን እናውቃለን። ወደ አዲስ አበባ በርሮ ያየውን ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። በብዕር ስም ይጽፍላቸው በነበሩት የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦች በኩልም ዓለም ከዓይን ምስክር እንዲሰማ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ወራት የሱ እውነተኛ ጦርነት ናቸው። ጣሊያን በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋለች። እሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ግንባር ደብዳቤ፣ መድኃኒት፣ መኮንን ያመላልሳል። ስልክ ብዙ ቦታ በማይደርስበት፣ በቅሎ ሳምንታት በምትፈጅበት አገር የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ራሶቹ ዘንድ በአንድ ቀን የሚደርሰው በነዚህ ጥቂት አውሮፕላኖች ነበር። የክፍል ጓደኞቼ የሳቁት ይህንን ባለማወቅ ነው። ጦርነት በጥይት ብቻ አይካሄድም። አንዱ ራስ ሌላው ራስ የት እንዳለ ካላወቀ ሠራዊት የለም፣ የተበታተነ ሕዝብ ነው ያለው።

የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች ከሱ የፈጠኑ ነበሩ፣ መትረየስም ነበራቸው። እሱ የነበረው መከላከያ የኢትዮጵያ ተራራና ደመና ነው። ሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ መብረር፣ ሲያገኙት ደመና ውስጥ መሰወር። ሁልጊዜ ግን አልተሳካለትም። ክንዱ ላይ ቆስሏል፣ በመርዝ ጋዝም ተጎድቷል። ጣሊያን ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምራ ጋዙን ስትረጭ ከላይም ከታችም ያየ ሰው ነው። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 በዚያው ባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ሮቢንሰንም አገሩ ጠላት እጅ ሲገባ ወጣ። ከአውሮፕላኖቹ የተረፈችው ፀሐይ በጣሊያኖች እጅ ወደቀች፣ ተመልሳ የመጣችው ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ ነው።

ቺካጎ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠር ጥቁር ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተቀበለው። ተሸንፎ የመጣ አዛዥ እንዲህ ይከበራል እንዴ? እነሱ ያዩት ሽንፈቱን አልነበረም። በገዛ አገሩ የአውሮፕላን በር የተዘጋበት ሰው የአንድ ነጻ ጥቁር መንግሥት አየር ኃይል መርቶ መምጣቱን ነው። እሱም ወሬውን ሳያበዛ የራሱን የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን መካኒኮች አሠለጠነ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥቂት ጥቁር ባለሙያ ጓደኞቹ ጋር ተመልሶ መጣ። ይህን ሁለተኛ መምጣቱን ከመጀመሪያው የበለጠ አከብረዋለሁ። መጀመሪያ ሲመጣ ወጣት ነው፣ ጦርነት ነው፣ ስም ይገኝበታል። ሁለተኛው ጊዜ ግን ሥራው ምንም የሌለው አየር ኃይል እንደገና ከሀ ሁ ማስጀመር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ወጣት ኢትዮጵያውያንን ሰብስቦ ሞተር መፍታት፣ መገጣጠም፣ ማብረር አስተማራቸው። አንዳንድ ሰዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድንም የመሠረተው እሱ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኔ አስተያየት ይሄ ማጋነን ነው። አየር መንገዱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 ማብቂያ ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ሮቢንሰን የራሱ በቂ ሥራ ስላለው የሰው መጨመር አያስፈልገውም።

ከዚያ የሚያሳዝነው መጣ። መንግሥት አየር ኃይሉን ለማዘመን ስዊድኖችን አመጣ። መሪያቸው ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ሰፈሩ ቢሾፍቱ ሆነ፤ ሳፊርና ሳዓብ 17 የተባሉ የስዊድን አውሮፕላኖች መጡ፤ እኔ በልጅነቴ የሰማሁት ድምፅ መነሻውም ያ ነው። ሮቢንሰን በራሱ ተማሪዎች ላይ ሌላ አለቃ ተሾመበት። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም፣ ጠባቸው እስከ ድብድብ ደረሰ፣ መጨረሻው ሮቢንሰን ከአየር ኃይሉ መልቀቅ ሆነ።

ይህንን ስጽፍ ፎን ሮዘንን ክፉ አድርጎ መሳል ቀላል ነበር። የናዚው ጎሪንግ የአክስቱ ባል ነበር ብዬ ብጨምርበት ደግሞ ነገሩ ያልቅለታል። ግን ፍርድ ይጎድላል። ይህ ሰው ራሱ በ1928ቱ ጦርነት የስዊድን ቀይ መስቀል አብራሪ ሆኖ የኢትዮጵያን ቁስለኞች ያገለገለ ነው። በኋላም፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ፤ የሄደውም ለተራቡ ሰዎች እርዳታ ለማድረስ ነበር። ሁለቱም ለዚህች አገር የከፈሉ ናቸው። ጥፋቱ የማን ነው ከተባለ፣ እኔ ከሁለቱ ይልቅ እኛን ነው የምጠይቀው። ባዶ እጃችንን በነበርንበት ሰዓት የመጣውን ሰው፣ እጃችን ሲሞላ የት እናስቀምጠው የሚለውን አላሰብንበትም። ለሱ የሚሆን አንድ ጥሩ ወንበር ጠፍቶ አልነበረም።

ጓደኞቹ አሜሪካኖች ተመለሱ፣ እሱ ግን አልተመለሰም። አዲስ አበባ ቀረ። መብረሩንም አልተወም።

መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ኤል 5 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ይዞ በረረ። አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ውስጥ ወድቃ ተቃጠለች። አብሮት የነበረው መሐንዲስ ወዲያው ሞተ፣ ሮቢንሰን ክፉኛ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ። ሁለት ሳምንት ታገለ፣ መጋቢት 18 ቀን አረፈ። ዕድሜው 50 ገደማ ነበር። የተቀበረውም በጋልፍፖርት ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ረቂቁን አንብቦ እዚህ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። በዚያች የመጨረሻ በረራ ላይ አብሮት የነበረው መሐንዲስ የየት አገር ሰው እንደሆነ። ጣሊያናዊ ነበር።